ደሙ የአንድ ሰው፣ ውጤቱ የቤተዘመድ



ወሎ ውስጥ ሐኪም ቤት ብቻውን የሚሄድ ሰው የለም። አንድ ሰው ሲታመም ሁለት ሦስት ሰው አብሮት ይነሣል። አንዱ ካርድ ያወጣል፣ አንዷ ስንቅ ትቋጥራለች፣ አንዱ ሐኪሙ ዘንድ ገብቶ «ምኑን ነው ያመመው?» ብሎ ይጠይቃል። አስታማሚ የምንለው ይህ ሰው ባይኖር ሆስፒታሎቻችን አንድ ቀን አያድሩም። መድኃኒት ፍለጋ ከፋርማሲ ፋርማሲ የሚዞረው እሱ፣ ደም የሚለግሰው እሱ፣ ሌሊት ወለል ላይ ነጠላውን አንጥፎ የሚያድረው እሱ ነው። ሐኪሙም ክፉ ዜና ሲኖረው በሽተኛውን ትቶ አስታማሚውን ይጠራል። «እስቲ አንዴ ወደ ውጭ» ይለዋል። ኮሪደር ላይ ግድግዳ ተደግፈው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይነጋገራሉ። በሽተኛው ከአልጋው ሆኖ በበሩ ስንጥቅ ያያቸዋል። ወንድምየው ፊቱን አስተካክሎ ይመለስና «አብሽር፣ ምንም የለም፣ ቀላል ነው» ይለዋል።

ያደግንበት ነገር ስለሆነ ነውር አይመስለንም። መርዶ እንኳ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ የሚነገርበት አገር ነው። ክፉ ወሬ አንድ ሰው ላይ ብቻውን እንዳይወድቅበት ብለን የምናደርገው ጥንቃቄ ነው፤ እኔም አላቃልለውም። ዛሬ ይዤው የመጣሁት ጉዳይ ግን ይህን ልማዳችንን ክፉኛ የሚፈትን ነው። ስለ ዘር ምርመራ ነው የምናገረው፤ ማለትም ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወርድ በሽታ ወይም ለበሽታ የሚያጋልጥ ነገር በደማችን ውስጥ መኖር አለመኖሩን ስለሚያሳየው ምርመራ። ውጤቱ ሲመጣ ለማን ይነገር? ማንስ ፈቅዶ?

የስኳር ወይም የታይፎይድ ምርመራ ስለ ተመርማሪው ብቻ ነው የሚያወራው። የዘር ምርመራ ግን ሳትጠይቁት ስለ ወንድማችሁ፣ ስለ አክስታችሁ፣ ገና ስላልተወለደው ልጃችሁ ይናገራል። ከጡት ካንሰር ጋር የተያያዙትን ሁለት የታወቁ ዘረመሎች እንውሰድ፤ ሐኪሞች ቢአርሲኤ አንድ እና ቢአርሲኤ ሁለት ይሏቸዋል። ከሁለቱ አንዱ የተበላሸባት ሴት እስከ 80 ዓመቷ ባለው ጊዜ በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድሏ 70 በመቶ ገደማ እንደሆነ በብዙ ሺህ ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት አሳይቷል። ይህ ብልሽት ያለበት ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጁ የማውረስ ዕድሉ እኩል በእኩል ነው። ደግሞም የጡት ካንሰር ስለሆነ ከእናት ብቻ የሚመጣ እንዳይመስላችሁ፤ አባትም ያወርሳል። አባት ራሱ ምንም ሳይሆን አርጅቶ ሊሞት ይችላል፣ ሴት ልጁ ግን በ35 ዓመቷ ትታመማለች። «በእናቷ ወገን እንዲህ ያለ ነገር የለም» ብሎ መዝጋት ስለዚህ አያዋጣም።

«ይሄ ሁሉ መልካም፤ እዚህ ወሎ፣ ሐራ ላይ የዘር ምርመራ የት አለና?» የምትሉኝ አላችሁ። ልክ ናችሁ፣ ሐራም መርሳም ላይ የለም። ውጤቱ ግን በስልክ ይመጣል። የሐራና የመርሳ ልጅ ያልደረሰበት አገር የለም፤ ጅዳና ሪያድ ይቅርና ካናዳና አሜሪካ ያለው ቁጥሩ ቀላል አይደለም። እስቲ በምሳሌ እንየው። ዘሃራ የምትባል የሐራ ልጅ ካናዳ አለች እንበል፤ ስሟን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ጡቷ ላይ እብጠት ተገኝቶባት ስትመረመር ካንሰር ሆነ፣ ተከታትሎም የዘር ምርመራ ተደረገላትና የተበላሸው ዘረመል ተገኘባት። ሐኪሟ «እህቶችና ወንድሞች ካሉሽ ንገሪያቸው፣ እነሱም ይመርመሩ» አለቻት። በዚያ አገር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ለዘመድ የሚሰጥ ደብዳቤ ይዘጋጃል። ዘሃራ ደብዳቤውን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ወጣች። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ነው፤ ሐራ ያሉት ሦስት እህቶቿ አያነቡትም። ስለዚህ ትደውላለች።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ስልኩ ሐራ ላይ ሲነሣ ማን ነው የሚያነሣው? ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ከውጭ ሲደወል ስልኩ ላውድ ላይ ይደረጋል። ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ተቀምጧል፤ «ዘሃራ ናት! ኑ፣ አናግሯት!» ይባላል። ኢሞ ላይ ፊቷ ይታያል፤ ሕፃኑም አሮጊቷም ስልኩ ላይ ይሻማሉ። ዘሃራ በዚህ መሀል ምን ትበል? ትንሿ እህቷ ሽማግሌ ተልኮባት ኒካዋ ሊታሰር ወር ቀርቶታል። አማቾቹ ደግሞ ቡናው ላይ አሉ።

ዘሃራ «ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» ብላ ትዘጋለች። እህቶቿ አያውቁም። ወይም ደግሞ ለወንድሟ ብቻ ትነግረዋለች፤ እሱ ለሚስቱ፣ ሚስቱ ለእናቷ፣ እናቷ ለጎረቤት። በሳምንቱ «እነ እገሌ ቤት በዘር የሚወርድ ካንሰር አለ» የሚል ወሬ ሐራን አልፎ ጊራና ይደርሳል፤ ጡቷን መታየት የሚገባት እህት ግን የመጨረሻዋ ሰሚ ትሆናለች፤ ለዚያውም ትክክለኛውን ነገር ሳይሆን የተፈጨውን ወሬ። እኔ ችግራችን ነው የምለው ይህ ነው። ማወቅ የሚገባው ሰው አይነገረውም፣ ማወቅ የማይገባው ሁሉ ያውቃል። ምስጢር ጠባቂም አስጠንቃቂም ሳንሆን እንቀራለን።

የዘር ወሬ በእኛ ዘንድ ምን ያህል እንደሚጎዳ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ጋብቻ ከመታሰቡ በፊት ዘር ይጣራል። «ከዚያ ቤት የሚጥል በሽታ ነበር»፣ «አያታቸው ሥጋ ደዌ ነበረባቸው» የሚል ቃል አንዴ ከወጣ የሦስት እህቶችን ዕድል ይዘጋል። ሥጋ ደዌ በዘር እንደማይወርድ ስንት ጊዜ ተነግሯል፤ ወሬው ግን ሐኪም አይሰማም። በዘር የማይወርደው ይህን ያህል ካሳደደን በእርግጥ የሚወርደው ሲመጣ ምን ልንሆን ነው?

ይህ ጥያቄ አገራችን ውስጥ አንድ ጊዜ በጥንቃቄ ተጠይቋል፤ ታሪኩ ብዙ ሰው ጆሮ አልደረሰምና ልንገራችሁ። ቦታው ወላይታ ነው፤ በሽታው እግር የሚያሳብጠው፣ ሕዝቡ ከዝሆኔ የማይለየው ፖዶኮኒዮሲስ። ከእሳተ ገሞራ በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ ለዓመታት የሚሄድ ገበሬ እግሩ ያብጣል፣ ይቆስላል። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ አገራችን ውስጥ ሠርቶ የበሽታውን መነሻ ከአፈር ጋር ያያዘው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ነገር ግን አንድ እንቆቅልሽ ነበር። በአንድ መንደር፣ በአንድ አፈር፣ ሁሉም በባዶ እግሩ ሲሄድ የአንዱ ቤት ሰዎች ይታመማሉ፣ የጎረቤታቸው ቤት ደህና ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ጥናት የታማሚ ወንድም ወይም እህት በበሽታው የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው አምስት እጥፍ እንደሆነ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ፋሲል ተኮላ አየለ ከባልደረቦቹ ጋር በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ ባሳተመው ጥናት ለዚህ በሽታ የሚያጋልጠውን የዘረመል ሰፈር ለየ። የ194 ታማሚዎችና የ203 ጤነኞች ዘረመል ተመርምሯል፤ ቀጥሎም በ202 ቤተሰቦች ላይ አባት፣ እናትና ልጅ አብረው ታይተው ውጤቱ ተረጋግጧል።

እኔን የሚገርመኝ ግን ከዚያ በፊት የተሠራው ሥራ ነው። ተመራማሪዎቹ ናሙና ከመውሰዳቸው በፊት ወላይታ ወርደው ሕዝቡን ጠየቁ። ይህ ጥናት ቢደረግ ምን ይሰማችኋል? ፈቃድ ስንጠይቃችሁ እንዴት ብንጠይቅ ይሻላል? ያገኙት መልስ እ.ኤ.አ. በ2009 ታትሟል።  ሰዎቹ የፈሩት ጥናቱ «በሽታው በዘር ነው» የሚለውን ወሬ አደባባይ አውጥቶ ያለውን መገለል እንዳያብሰው ነው። የታመመው ሰው እግሩ አብጧል፣ የሚደበቅ ነገር የለውም፤ ያልታመመችው እህቱ ግን ገና አላገባችም። እሷ ለጥናቱ ናሙና አልሰጠችም፣ ፊርማ አልፈረመችም፤ ዋጋውን የምትከፍለው ግን እሷ ናት። ፈቃድ የምንለው ነገር የአንድ ሰው ፊርማ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ የአገራችን ምሳሌ አላውቅም።

ደስ የሚለው የወላይታው ታሪክ መፍትሔም ነበረው። ለፖዶኮኒዮሲስ የሚያጋልጥ ዘር ያለው ሰው ጫማ ካደረገና እግሩን ከታጠበ አይታመምም። ስለዚህ «ዘራችሁ የታመመ ነው» ከማለት «ከእናንተ ቤት ልጆች ጫማ ቶሎ ይልመዱ» ማለት ይቻላል። ቃሉ ተለወጠ፣ የሚፈለገው ግን ደረሰ። ማስጠንቀቂያውን ማድረስ፣ ገመናውን ማስቀረት ይቻላል ማለት ነው። የዛሬው ንግግሬ ዋና ሐሳብ ይኸው ነው፤ ሌላውን የምለው ሁሉ ከዚህ ይቀዳል።

ወደ ሕጋችን ልመለስ፤ ይህን ባጭሩ ነው የማልፈው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 20 ማንም ሰው በማንኛውም ጊዜ የሕክምና ምርመራን እንቢ ማለት እንደሚችል ይደነግጋል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር የሚያወጣ ሐኪም እንደሚቀጣ ይናገራል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ የዘረመል መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት መረጃዎች ተርታ አስቀምጦታል። ከዚህ ተነሥተን ያን የኮሪደሩን ወሬ ብንመዝነው ምን ይሆናል? ሐኪሙ ለወንድም የተናገረው በሽተኛው ሳይፈቅድ ከሆነ፣ በቅን ልብ ያደረገው ቢሆንም፣ የበሽተኛውን ምስጢር ነው ያወጣው። ይህን ስናገር ሐኪሞቻችንን ለመክሰስ አይደለም፤ ከአስታማሚው ግፊት ጋር በየቀኑ የሚታገሉት እነሱ ናቸው። «ለእሱ እንዳትነግረው፣ ይሰበራል» የሚለው እኛው ነን።

በሌላው ዓለም ጥያቄው ተገልብጦ ነው የመጣው። እዚያ ችግሩ በሽተኛው አውቆ ዘመዱ አለማወቁ ነው። እንግሊዝ አገር አንድ አባት ሚስቱን በመግደል ተፈርዶበት በሕክምና ተቋም ሳለ እ.ኤ.አ. በ2009 የሀንቲንግተን በሽታ እንዳለበት ታወቀ። ይህ አእምሮን ቀስ በቀስ የሚያፈርስ፣ መድኃኒት ያልተገኘለት፣ ለእያንዳንዱ ልጅ እኩል በእኩል ዕድል የሚወርድ በሽታ ነው። ሴት ልጁ በዚያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበረች። ሐኪሞቹ «ልጅህ ማወቅ ይገባታል» ሲሉት እንቢ አለ፤ ካወቀች ራሷን ታጠፋለች ወይም ጽንሱን ታስወርዳለች ብሎ ፈራ። ሐኪሞቹ ምስጢሩን ጠበቁለት። ልጅቱ ከወለደች ከጥቂት ወራት በኋላ በአጋጣሚ ሰማች፤ በኋላም ስትመረመር እሷም አለባት። ሆስፒታሉን ከሰሰች። ሎንዶን ያለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት በየካቲት 2020 እ.ኤ.አ. ክሱን ውድቅ አደረገ፤ ነገር ግን ሐኪሞች በእንዲህ ያለ ጊዜ የበሽተኛውን ምስጢርና የዘመዱን ጉዳት በሚዛን ማስቀመጥ ግዴታቸው እንደሆነ አረጋገጠ። ልጅቱ ተረታች፣ ጥያቄዋ ግን አልተረታም።

እኔ ዳኛ ብሆን ምን እል ነበር? እውነቱን ለመናገር አባቱን አልፈርድበትም፤ ልጁን ለመጠበቅ ነው የደበቃት፣ እኛም በየቤታችን የምናደርገው ይህንኑ ነው። ሆኖም ልጅቱ በሕይወቷ ላይ ትልቁን ውሳኔ ያሳለፈችው ሌሎች እያወቁ እሷ ሳታውቅ ነው። ይህ አይገባም ባይ ነኝ። ሐኪሙ ግን የበሽተኛን ምስጢር በራሱ ጊዜ ያውጣ ወደሚለው አልሄድም። ሰው ምስጢሬ ይወጣል ብሎ ከፈራ መመርመሩን ራሱን ይተዋል፤ ያኔ ለማንም የሚነገር ነገር አይኖርም።

ፈረንሳዮች መሀሉን መንገድ ሞክረዋል፤ እኔ ከሁሉም የእነሱን እወድደዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ሕግ መሠረት ሐኪሙ ገና ምርመራው ሳይደረግ በሽተኛውን ይጠይቀዋል። ከባድ ነገር ቢገኝ ለዘመዶችህ አንተ ትነግራለህ ወይስ እኔ ልንገር? «እኔ አልችልም» ካለ ሐኪሙ ለዘመዶቹ ደብዳቤ ይጽፋል። ደብዳቤው ላይ የበሽተኛው ስም የለም፣ የበሽታውም ስም የለም። «በቤተሰባችሁ ውስጥ እናንተን ሊመለከት የሚችል የጤና ጉዳይ ስላለ የዘር ሕክምና ባለሙያ አማክሩ» የሚል ብቻ ነው። አንድ ቤተሰብ ደርዘን ዘመድ ካለው ከየት እንደመጣ በእርግጥ አያውቅም። ሐራ ላይ ቢሆን ማን እንደሆነ በአንድ ከሰዓት ይደረስበት ነበር ትሉኝ ይሆናል። ሊሆን ይችላል፤ ግን መቶ ሰው በእርግጥ ከሚያውቀው መቶ ሰው ቢገምተው ይሻላል።

ከዚህም ርቀው የሄዱ አሉ። ኒው ዮርክ ውስጥ ዮሴፍ ኤክስታይን የተባሉ የአይሁድ መምህር አራት ልጆቻቸውን ቴይ ሳክስ በተባለ የሕፃናት በሽታ ቀበሩ። በሽታው የሚመጣው እናትና አባት ሁለቱም ሳያውቁ ተሸካሚ ሲሆኑ ነው። በ1983 እ.ኤ.አ. ዶር የሾሪም የሚባል ተቋም አቋቋሙ። ወጣቶች ደም ይሰጣሉ፤ ውጤት አይነገራቸውም፣ ቁጥር ብቻ ይሰጣቸዋል። ጋብቻ ሲታሰብ ሁለቱ ቤተሰቦች ቁጥሮቹን ይደውላሉ፤ «ይስማማሉ» ወይም «አይስማሙም» የሚል መልስ ይመጣል። «ይስማማሉ» ከተባሉት መካከል ማን ተሸካሚ እንደሆነ ማንም አያውቅም፤ ለሽማግሌም ለአማትም የሚወራ ነገር የለም። ሳዑዲ ዓረቢያም ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተጋቢዎች ከጋብቻ በፊት ለማጭድ ሴል የደም ማነስና ለታላሴሚያ እንዲመረመሩ ግዴታ አድርጋለች። እኛ ሰባት ቤት እንቆጥራለን፤ ያ ቆጠራ የአንድ ዓይነት ተሸካሚዎችን መገናኘት ይቀንሳል፣ ለሁሉም በሽታ ግን መልስ አይሆንም። የኒው ዮርኩን ዘዴ ሙሉ በሙሉ አልወድደውም፤ ሰው ስለ ራሱ እንዳያውቅ ይከለክለዋልና። ገመናን በመጠበቅ በኩል ግን የሐራ ሽማግሌ ቢያየው «ይህስ ዕውቀት ነው» የሚለው ይመስለኛል።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ከባድ ነገር ነው። የዘር ውጤት ሁሉ ግን አስፈሪ አይደለም፤ አንዳንዱ ለዘመድ የሚሰጥ ምርጥ ስጦታ ነው። ኢትዮጵያዊቷ ተመራማሪ እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት ካጠኗቸው ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ የሚሆኑት አንዳንድ መድኃኒቶችን ጉበታቸው ከመጠን በላይ በፍጥነት የሚለውጥ መሆኑን አገኙ። በስዊድናውያን ዘንድ ይህ ከአንድና ሁለት በመቶ አይበልጥም። ምን ያመጣል ብትሉ፣ ኮዴይን የሚባለው የሳልና የሕመም ማስታገሻ በእነዚህ ሰዎች ሰውነት ውስጥ ቶሎ ወደ ሞርፊን ይለወጣል፤ ትራማዶልም ተመሳሳይ ጣጣ አለው። የአሜሪካ የመድኃኒት ቁጥጥር ባለሥልጣን በ2017 እ.ኤ.አ. ሁለቱም ከ12 ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት እንዳይሰጡ፣ የሚያጠቡ እናቶችም እንዳይወስዷቸው ያስጠነቀቀው በዚህ የተነሣ ነው። ስለዚህ ካናዳ ያለው ወንድማችሁ ተመርምሮ «እኔ የዚህ ዓይነት ሰው ነኝ» ካላችሁ፣ ሐራ ያለችው እመጫት እህቱ ይህን ማወቋ ሕፃኗን ሊያድን ይችላል። ማን ይህን ቢሰማ ሠርግ ያፈርሳል? ማንም። ይህን ዓይነቱን ላውድ ላይ አድርጋችሁ ለሰፈሩ ሁሉ ተናገሩት! የትኛው ውጤት የሚወራ፣ የትኛው በሹክሹክታ የሚነገር እንደሆነ መለየት ግን ያስፈልጋል፤ ይህን የሚለየው ደግሞ ባለቤቱ ነው።

አሁን ስለ ወሎ ብቻ የሚሆን አንድ ነገር ልናገር። የ1966ቱንና የ1977ቱን ረሃብ ያየ ሰው እዚህ ብዙ አለ። በዚያን ጊዜ ወላጅ ያጣውን ልጅ አክስት አሳደገች፣ ጎረቤት አሳደገ፣ መንገድ ላይ ያገኘችው እናት «የኔ ነው» ብላ አሳደገችው። ብዙዎቹ ልጆች ዛሬ አያት ሆነዋል። አንዳንዶቹ ሲያድጉ ተነግሯቸዋል፤ ሌሎቹ እስከ ዛሬ አያውቁም። ለበሽታ ተብሎ የሚደረግ የቤተሰብ ምርመራ ሳይፈለግ ይህን ሊያወጣው ይችላል። ነገሩ እውን እንደሚሆን ማስረጃ አለ። በ2008 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ መንግሥት ቤተሰባቸውን ተከትለው ለመሄድ ያመለከቱ ስደተኞችን በዲኤንኤ መመርመር ጀመረ፤ መጀመሪያ ናይሮቢ ላይ፣ በአብዛኛው ሶማሌዎችንና ኢትዮጵያውያንን፣ ከዚያም አዲስ አበባን ጨምሮ በሌሎች አገሮች። ብዙዎች ልጄ፣ አባቴ ያሉት ሰው በደም አልተገናኘም፤ ቤተሰብን የሚያገናኘው ፕሮግራም በዚያው ዓመት ቆመ፤ በ2012 እ.ኤ.አ. ሲከፈት የዲኤንኤ ምርመራ ግዴታ ሆኖ ነው። ማጭበርበር ነበረበት፤ አልክድም። ነገር ግን በድርቅና በጦርነት መሀል ሰው የሰው ልጅ አሳድጎ «ልጄ» ሲል ሁልጊዜ እየዋሸ አልነበረም። የዲኤንኤ ማሽኑ ይህን የመለየት ችሎታ የለውም።

እናም የዘር ምርመራ ሲታሰብ ፈቃድ የሚጠየቅበት ትክክለኛው ጊዜ ውጤቱ ከመጣ በኋላ አይደለም። መርፌው ከመግባቱ በፊት ነው። በሽተኛው ብቻውን ሆኖ፣ አስታማሚውም በአክብሮት ከክፍሉ ወጥቶ፣ በሚገባው ቋንቋ ሊጠየቅ ይገባል። ከባድ ነገር ቢገኝ ማወቅ ትፈልጋለህ? ለማን እንዲነገር ትፈቅዳለህ፣ ለማን አትፈቅድም? አብሮህ የመጣው ሰው ይስማ ወይስ አይስማ? ሌላ ያልጠበቅነው ነገር፣ የአባትነት ጉዳይ ሳይቀር፣ ቢወጣ ምን እናድርግ? አንተ ብትሞትስ ለልጆችህ የሚነግር ማን ይሁን? ይህ ሁሉ ደም ሳይቀዳ ሲጠየቅ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ውጤቱ ከወጣ በኋላ ሲጠየቅ ግን ሰውየው ቀድሞ ተደናግጧል፣ ወንድምየውም በር ላይ ቆሟል።

ውጭ ላላችሁ ልጆቻችንና ለእናንተም ለቤተሰቦች ይህን እላለሁ። ከባድ ውጤት የያዘ ሰው ቢደውል ለሁሉም ሳይሆን ለአንድ ሰው ይደውል። ያ ሰው ምስጢር የሚይዝ፣ የሚመለከታቸውን ለይቶ የሚያውቅ ይሁን። በወሎ ደም የተቃቡ ወገኖችን ሳይቀር ቃል ሳያሾልኩ የሚያስታርቁ አበጋሮች አሉን፤ አፍን መያዝ ከእኛ የጠፋ ሙያ አይደለም። ያ ሰው ለእህቶች ሲነግር ማን እንደታመመ መናገር ግዴታው አይደለም። «በቤተሰባችን ጡት ቶሎ መታየት እንደሚያስፈልግ ሰምቻለሁና ሂዱ ታዩ» ማለት ይበቃል። እህትየው ባትፈልግ መብቷ ነው፤ አለማወቅም እንደማወቅ ሁሉ የሰው ምርጫ ነው። ግን ምርጫውን ማድረግ ያለባት እሷ እንጂ ቡና ላይ የተቀመጡት ሰዎች አይደሉም።

ለጤና ሚኒስቴርና ለአማራ ክልል ጤና ቢሮም አንድ ጥያቄ አለኝ። የዘር ምርመራ አገራችን ውስጥ ገና ሳይስፋፋ፣ የምርመራ ፈቃድ ቅጾቻችን ላይ አንድ መስመር ይጨመር፤ «ውጤቱ ለዘመዶችዎ የሚጠቅም ሆኖ ቢገኝ ለማን፣ በማን በኩል ይነገር?» የሚል። ሕጉ እስኪስተካከል፣ ቅጹ እስኪታተም ድረስ ደግሞ የወልድያና የመርሳ ባለሙያዎች ይህን ጥያቄ በእስክሪፕቶ ከቅጹ ግርጌ ጽፋችሁ በሽተኛውን ብትጠይቁት የሚከለክላችሁ የለም።